ስምና ሰም

ሸንበጋም የምትፈራው ነገር ብዙ አልነበረም። እባብ አትፈራም፤ በሩዝ ማሳ መካከል ያደገች ልጅ እባብ ከፈራችማ ከቤት አትወጣም። የአባቷንም ቁጣ ለምዳዋለች። የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰው መውደድን። ከዚህ ፍርሃቷ ጋር ሦስት ዓመት በሰላም ከኖረች በኋላ ነው አንድ ማለዳ በገዛ መጥረጊያዋ ጣጣ ያመጣችው።

አባቷ ቫይቲሊንጋም በካቬሪ ወንዝ ዳር ካሉ ነሐስ ሠሪዎች መካከል አንቱ የተባሉ ናቸው። አምላካቸውን ራማንና ሚስቱን ሲታን፣ ወንድሙን ላክሽማናን፣ ታማኙን ሃኑማንን ለየቤተ መቅደሱ የሚሠሩት አባታቸውና አያታቸው በሠሩበት ግቢ ነው። ሠራተኞቻቸው «አያ» ይሏቸዋል። በዚያ ግቢ ሐውልት የሚለካው በሜትር አይደለም። ከኮኮናት ቅጠል አንዲት ቀጭን ስንጣቂ ትወሰድና ትታጠፋለች፤ ግንባር ይህን ያህል፣ አፍንጫ ይህን ያህል እየተባለ መላው አካል ከእሷ ይወጣል። ቅጠሏ ከጠፋች ሥራው እንደገና ከሀ ይጀመራል።

ያን ማለዳ ሸንበጋም በረንዳውን ጠርጋ ስትጨርስ አንድ የማታውቀው ወጣት በአራት እግሩ እየዳኸ ከአግዳሚው ሥር ሲፈልግ አገኘችው። ከወንዙ ማዶ የመጣ አዲስ ሠራተኛ ነበር፤ ስሙ ካቲርቬል።

«እህት፣ እዚህ አንዲት ሴት ተኝታ ነበር። አላየሻትም?» አላት ቀና ብሎ።

«የምን ሴት?»

«ሲታ ነቻ! ይህችን የምታህል የታጣጠፈች ቅጠል። ትናንት ቀኑን ሙሉ እሷን ስለካ ነው የዋልኩት።»

ሸንበጋም መጥረጊያዋን አየች፤ ከዚያ አጥሩ ሥር የተከመረውን ጥራጊ አየች።

«ጥያታለሁ» አለች።

«የራማን ሚስት?»

«የራማ ሚስት ከሆነች መሬት ላይ ምን አስተኛት? እዚህ ቤት ቅጠል ምስማር ላይ ነው የሚሰቀለው። መሬት ላይ ያለ ሁሉ ቆሻሻ ነው።»

ወጣቱ ግንባሩን ይዞ ሳቀ። «በታሪኳ ከባሏ የሰረቃት ጋኔን እንኳ በክብር ነው ያስቀመጣት፤ አንቺ በመጥረጊያ!»

እሷም ሳታስበው ሳቀች። ሁለቱም ጥራጊው ላይ ተንበርክከው ፈለጉ። ቅጠሏን ያገኘቻት እሷ ናት። ስትሰጠው ጣቱ ጣቷን ሊነካ ሲል እጇን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበችና ወደ ቤት ገባች። 

ምክንያቱን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከሦስት ዓመት በፊት ለአንድ መምህር ታጭታ ነበር። ሰርጉ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ልጁ በሞተር ብስክሌት ድልድዩን ሲሻገር ካሚዮን ገጨው። የሟች እናት ደረቷን እየመታች መጥታ በሩ ላይ ቆመችና «ቀዩዋ ኮከብ የተቀመጠችባት! ልጄን በላችው!» ብላ ጮኸች። ስትወለድ ኮከብ ቆጣሪው በዘንባባ ቅጠል ላይ የጻፈላት ቃል ያን ጊዜ ነው ትዝ ያላቸው። «የሚያገባት ሰው ነፍሱ በእጇ ናት» ይላል። ከዚያ ወዲያ ሌላ ማብራሪያ የፈለገ ሰው አልነበረም። ያሳደገቻት አክስቷ ባክያም እንኳ ከሷ እጅ ውኃ የሚጠጣ ጎረምሳ ስታይ በሰበብ ጠርታ ታስነሳው ነበር።

ሸንበጋምም ራሷ አመነችው። ሲደጋገም የሰማኸውን ነገር አለማመን ከባድ ነው።

ካቲርቬልን ላለማየት ሞከረች። ግን እንዴት ይሆናል? የወንዙን ለም ጭቃ በነጠላ ነፍታ፣ በተቃጠለ የሩዝ ገለባ ለውሳ ለሠራተኞቹ የምታቀርበው እሷ ናት። እሱ ደግሞ የሲታን ሰም የሚቀርጸው ሰው ነው። በሰሙ ላይ ጭቃ ይለበጣል፤ ጭቃው ሲደርቅ ሌላ ይደረብበታል፤ ከዚያ በእሳት ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ባዶ የቀረው ቦታ ነሐስ ይፈስበታል። መጀመሪያ የሚለበጠው ጭቃ እንደ ቅባት የላመ መሆን አለበት። ስለዚህ እሱ በየቀኑ ከሥራ ቤቱ ደፍ ወዲያ፣ እሷ ከደፉ ወዲህ ሆነው ስለ ጭቃ ያወራሉ። ስለ ጭቃ ያን ያህል የሚወራ ነገር መኖሩን ከእነሱ በፊት ማንም አያውቅም ነበር።

«ዛሬ ጭቃሽ ተቆጥቷል» ይላል እሱ፣ በጣቱ እያሸው።

«ባለቤቱ ስለተቆጣች ነው።»

«ምን አደረግኩ?»

«ትናንት ሩዝህን ሳትበላ ሄድክ። አክስቴ ለላሟ ሰጠቻት።»

«ላሟ ታድላለች!»

ስድስት ወር እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን ካቲርቬል የሲታን የሰም ጣቶች አንድ በአንድ እየለየ ሳለ ቀና አለና፣ «እኔ የምልሽ፣ ስም የለኝም እንዴ?» አላት።

«አለህ።»

«ታዲያ ‹ስማ›፣ ‹አንተ›፣ ‹ያ ሰውዬ›! አብሮኝ የሚሠራውን ጎፑን ጎፑ ትይዋለሽ። ሻይ ሻጩን እንኳ በስሙ ትጠሪዋለሽ። የኔን ብቻ ምን ነካው? እስቲ አንዴ በይው።»

«አልልም።»

«ለምን?»

ሸንበጋም ወደ ጭቃዋ አጎነበሰች። በዚያ አገር ሴት የባሏን ስም አትጠራም። ከጠራችው ዕድሜው ያጥራል ይባላል። ጎረቤቱን፣ ነጋዴውን፣ የማንንም ስም ትጠራለች፤ የማትጠራው የአንድ ሰው ብቻ ነው። ካቲርቬል ሊስቅ ከንፈሩን እንደከፈተ ነገሩ ገባው። ሳቁም ፊቱ ላይ ቀረ።  በእጁ የያዛት የሰም ጣት ከመዳፉ ሙቀት የተነሣ እየለሰለሰች ታጠፈች።

«ሸንበጋም...» አለ።

የለወሰችውን ጭቃ ጥላ ሮጠች። ያን ቀን ምሳ አልበላችም። የወደደችውን ሰው ስም ከአፏ ባታወጣም ልቧ ደጋግሞ ይጠራው ነበር። ያም ይቆጠርበት ይሆን ብላ ፈራች።

ካቲርቬል ግን የሚፈራ ሰው አልነበረም፤ በማግስቱ ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ፣ ልጅ ለመጠየቅ የሚቀርበውን ሙዝና የቢትል ቅጠል በሳህን ይዞ አያ ፊት ቆመ። ሸንበጋም ከግድግዳው ጀርባ ሆና ትሰማለች።

አያ ሳህኑን አልነኩም። «ልጄን የምነፍግህ እንዳይመስልህ» አሉት በዝግታ። «የምነፍግህ ሞትህን ነው።»

«አያ፣ እኔ እኮ እሳት ተሸክሜ የምውል ሰው ነኝ። ኮከብ አልፈራም።»

«ታንጋምም አይፈራም ነበር።»

 ታንጋም የአያ ታናሽ ወንድም ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ባልደረቀ ቅርፅ ውስጥ የቀለጠ ነሐስ ሲያፈስ፣ ነሐሱ ከውስጥ ያለውን እርጥበት ሲነካ ፈነዳና ተመልሶ ወጣበት። አያም ግራ ዓይናቸውን ያጡት ያን ቀን ነው።

«አንድ ልጅ ከማፍሰሻው ጉድባ በነጠላ ጠቅልዬ አውጥቻለሁ» አሉ አያ። «ሁለተኛ አላወጣም። ሲታን አፍስስልኝና ወደ ማዶህ ተመለስ። ጥሩ የሥራ ቤት ፈልጌ አስገባሃለሁ።»

እነሆ ነገሩ ያለቀ መሰለ። ሲታ የምትፈስበት ቀን የመጨረሻው ቀን ሊሆን ነው። ካቲርቬል ከደፉ ወዲያ ቆሞ ዓይን ዓይኗን ሲያያት፣ ሸንበጋም ስታለቅስ ያደረችበትን ፊት ሳትደብቅ «ሂድ» አለችው።

«ከልብሽ ነው?»

«ሂድና ኑር። እኔ የምፈልገው መኖርህን ነው። የትም ሆነህ ኑርልኝ።»

ወሩ አዲ ነበር። በአዲ ሰርግ የለም፤ ሴቱ ሁሉ የሚጠብቀው የወንዙን መሙላት ነው። ላይኛው አገር ያለው ግድብ ሲከፈት ደረቁ ካቬሪ ይሞላል፤ ሴቶችም አበባና ቢጫ ክር ይዘው ይወርዳሉ። ውኃው ሊደርስ ገና ሳምንት ይቀረዋል ተብሎ ነበር። ኮከብ ቆጣሪው ደግሞ ለሲታ መልካም ሰዓት ብሎ የሰጠው ዓርብ ረፋዱን ነበር።

ማፍሰሻውን ጉድባ ካቲርቬል ረቡዕ ቆፈረው። እስከ ወገቡ ወርዶ አፈሩን በእጁ ሞከረ፤ ደረቅ ነው። ደረቅ አሸዋ አለበሰው። ዓርብ ማለዳ ጭቃው በኩበት እሳት ላይ ተጋገረ፣ ሰሙ ቀልጦ ወጣ፣ ባዶው ቅርፅ ጉድባው ውስጥ በቁሙ ተቀበረ። አፉ ብቻ ከመሬት በላይ ቀረ። ወናፉ ያለማቋረጥ ይነፋ ጀመር።

«ሲታ ዛሬ ሁለተኛ እሳት ልትገባ ነው» አለ ጎፑ፣ ሆዱን እየዳበሰ። ሲታ በታሪኳ ንጽሕናዋን ለማሳየት አንዴ እሳት ገብታለችና፣ ጎፑ ይህን ቀልድ ሐውልቷ በፈሰሰ ቁጥር ይናገረዋል፤ ማንም አይስቅለትም፤ ግን ባይናገረው ሁሉም ቅር ይላቸዋል።

አክስቷ ባክያም ሸንበጋምን ማለዳ ክንዷን ይዛ ጓዳ አስገብታታለች። «ዛሬ ድምፅሽ እንዳይሰማ። ጥላሽ እሳቱ ላይ እንዳያርፍ። ልጁን የምትወጂው ከሆነ ዛሬን ብቻ የሌለሽ ሁኚ።»

የሌለች ሆነች። ጓዳ ተቀምጣ ወናፉን ትሰማለች። የወናፉ ድምፅ ሲፈጥን ነሐሱ እየቀለጠ ነው። ሲቆም ደግሞ ሊነሳ ነው። እጆቿን ጭኖቿ መካከል አጣብቃ «ዛሬን ብቻ፣ ዛሬን ብቻ» ትላለች።

እንስራው ባዶ ስለነበረ አክስቷ «ከጓሮ ውኃ ቅጂ፤ በዚያው ተመለሺ» አለቻት። ሸንበጋም ወደ ውኃው ጉድጓድ ሄዳ ባልዲውን ለቀቀች። ገመዱ በየስንዝሩ መያዣ ቋጠሮዎች አሉት፤ እጇ ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቃቸዋል። ሰሞኑን ባልዲው ውኃ የሚነካው አሥራ አራተኛው ቋጠሮ ላይ ነበር። አሁን ግን ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ ጯ አለ።

ደግማ ጣለችው። ዘጠኝ።

መጀመሪያ ደስ አላት። ወንዙ መጥቷል! ግድቡን ቀድመው ከፍተውታል! ከላይ ገና ባይታይም በመሬት ውስጥ ቀድሞ ደርሷል። ከዚያ እጇ ገመዱ ላይ ቀዘቀዘ። ውኃው በውኃው ጉድጓድ ይህን ያህል ከወጣ፣ ከእሱ ሃያ እርምጃ የማይርቀው የማፍሰሻ ጉድባስ? ወንዶቹ ውኃ አይቀዱም። ከላይ ያለው አሸዋ ደርቆ ሲያዩት ከታች ያለውን ማን ይነግራቸዋል?

ወናፉ ቆመ።

ሸንበጋም ሮጠች። ሥራ ቤቱ ደፍ ላይ ስትደርስ እግሯ ታሰረ። ካቲርቬልና ጎፑ በረጅም ጉጠት ግራና ቀኝ ይዘው የነሐሱን ማቅለጫ ከእሳቱ አንሥተዋል። ነሐሱ ዓይን አያስከፍትም። አያ ከጉድባው አጠገብ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ካቲርቬል ጀርባውን ሰጥቷታል።

ብትጮህስ? ሥራ የጀመረን ሰው ከኋላ መጥራት ክፉ ምልክት ነው። ከተሳሳተች መልካሙን ሰዓት ታበላሻለች፤ ነሐሱ ይረጋል፤ ቤተ መቅደሱ ይቀየማል፤ «አላልንም? አጥፊ ናት!» ይላሉ። ስሙን ብትጠራ ደግሞ ዕድሜውን ታሳጥራለች። ምናልባት እሱን የምትገድለው በዚህ ጩኸት ይሆናል፤ ደንግጦ ያን እሳት እግሩ ላይ ይደፋዋል። ዝም ብትልና ጉድባው ደረቅ ቢሆንስ? ዝም ብትልና ባይሆንስ?

ወደ ጉድባው ሦስት እርምጃ ቀረው። ሁለት።

«ካቲርቬል!»

የግቢው ርግቦች በሙሉ ተነሡ። ያን ስም ከአፏ የሰማ ሰው አልነበረም፤ ራሷም ሰምታው አታውቅም።

ካቲርቬል ቆመ። ዞር አላለም። አልደነገጠም። እሳቱ በእጁ እንዳለ ጀርባው ብቻ የሚሰማት ይመስል ነበር።

«ጎፑ፣ አውርድ» አለ።

«አብደሃል? አያ ይገድሉናል!»

«አውርድ አልኩህ። ቀስ ብለህ።»

ማቅለጫውን አሸዋው ላይ አስቀመጡት። አክስቷ ባክያም ከኋላ ደርሳ ሸንበጋምን በጉንጉን ፀጉሯ ያዘቻት። አያ በአንድ ዓይናቸው ሲያዩዋት ፊታቸው ጠቁሮ ነበር።

«ሰዓቱ!» አሉ። «ሰዓቱን ገደልሽው! ምን ፈልገሽ ነው?»

«ውኃው መጥቷል አባ» አለች። «ገመዱ ዘጠነኛው ቋጠሮ ላይ ቀረ።»

አያ ቀስ ብለው ተንበረከኩና ከመሬት በላይ ወደ ቀረው የቅርፁ አፍ አጎነበሱ። ስስ ነጭ ጭስ ይወጣል።

«የተረፈ ሰም ነው የሚጨሰው አያ» አለ ጎፑ።

አያ አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ። የሰም ሽታ ጣፋጭ ነው፤ ይኼኛው ግን ምንም የማይሸት እንፋሎት ነው።

«ቆፍሩ» አሉ።

ላይኛው አሸዋ ደረቅ ነበር። ቀጥሎ ያለውም ደረቅ። ጎፑ «ልጅቷ እኮ...» ብሎ ሊናገር ሲል አካፋው ጥቁር አፈር አወጣ። ከዚያ ጭቃ። ቅርፁን አቅፈው ሲያነሱት የታችኛው ክፍል፣ የሲታ እግሮች ያሉበት፣ ውኃ እንደገባበት ዳቦ በእጃቸው ላይ ፈረሰ። ከሥሩ ንጹሕ ውኃ ያለ ድምፅ ይሞላ ጀመር።

 አያ መሬት ላይ ተቀመጡ። አክስቷ የያዘችውን ፀጉር ለቀቀች።

ካቲርቬል ያን ጊዜ ነው መንቀጥቀጥ የጀመረው። እሳት ሳይርድ የተሸከመ እጁ ሸንበጋም የሰጠችውን አንድ ኩባያ ውኃ መያዝ አቃተው፤ ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ። እሷ ኩባያውን ከሥር ደገፈችለት። ጣቶቻቸው ተነካኩ። እጇን አልሰበሰበችም።

«ጠራሽኝ» አላት በሹክሹክታ።

«ዝም ብለህ ጠጣ» አለች፤ እንባዋ ግን ፈሰሰ።

አያ «ባክያም፣ ያንን የዘንባባ ቅጠል አምጪ» አሉ። መጣላቸው። በአንድ ዓይናቸው አስጠግተው አነበቡት፤ ከዚያ ጮክ ብለው ደገሙት። «የሚያገባት ሰው ነፍሱ በእጇ ናት። ይኸው ነው የሚለው። ትገድለዋለች የሚል የት አለ?»

«ያ መምህር ግን...» አለች አክስቷ።

«ያን ልጅ የገደለው ካሚዮን ነው ባክያም።» አያ ቅጠሉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ ባዶው ጉድባ ተመለከቱ። «ጉድ እኮ ነው! ዕድሜ ልካችንን ሰም አቅልጠን የምናፈስ ሰዎች፣ ለራሳችን ልጅ ሲሆን ሰሙን ይዘን ቀረን።»

ከዚያ ካቲርቬልን አዩት። «ያ ሳህንህ የት አለ?»

«ሙዙን ጎፑ በልቶታል አያ።»

«ሌላ ይዘህ ና።»

አክስቷ ግን በቀላሉ የምትረታ ሴት አልነበረችም። ለማንኛውም ሸንበጋም መጀመሪያ ለሙዝ ተክል ትዳር አለች፤ እንደ ደንቡ የኮከቧን ቁጣ ተክሉ ተቀብሎ እንዲቆረጥ። ስለዚህ አዲ አልፎ አቫኒ ወር በገባ ማለዳ ሸንበጋም የጓሮውን ሙዝ በቢጫ ክር አገባችው፤ ጎፑም በገጀራ ቆረጠው። ካቲርቬል «ከእኔ ቀድሞ ያገባሽ ነው፤ ከልቤ አላዝንለትም» አለ። በሳምንቱ እሱ አገባት።

ሲታም ተሠራች። ሰሟ ቀልጦ፣ ጭቃዋ ፈርሶ ነበር፤ ቅጠሏ ግን ምስማሯ ላይ ተሰቅላ ነበረች። ከእሷ ላይ እንደገና ለኳት።

ፍርሃት ለቀቃት ማለት አይደለም። እስከ ዛሬ ነሐስ በሚፈስበት ቀን ማለዳ ተነሥታ ገመዱን ትጥላለች፤ ቋጠሮውን ትቆጥራለች። ቁጥሩን ሳትነግራቸው አያም ቢሆኑ ወናፍ አያስነሡም። ወናፉ ሲቆም አሁንም እጆቿን ጭኖቿ መካከል ታጣብቃለች፤ የባሏን ሳል ከሥራ ቤት እስክትሰማ ድረስ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ የቆጠራ ሠራተኛ ወረቀቱን ይዞ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። የእሷን ስም ጻፈ፤ የሁለት ሴት ልጆቿን ስም ጻፈ።

«የባል ስም?»

ሸንበጋም ፈገግ አለች።

«እህት፣ ብዙ ቤት ይቀረኛል። የባልሽ ስም ማነው?»

«ከወዲያ ነሐስ እየሞረደ ነው፤ ሄደህ ራሱን ጠይቀው።»

«አንቺ አታውቂውም?»

«አውቀዋለሁ» አለች። «አንድ ጊዜ ጠርቼው ቆሞልኛል። ይበቃኛል።»